ዓሣ የተባለው ዓሣ፦ ስለ ቆሮሶ ስምና ጠባይ

ስለ ቆሮሶ እስከ ዛሬ የተጻፉት ጥናቶች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ አጥኚዎቹ ዓሣውን የመረመሩት ሳይጠበስ ነው። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ ደግሞ ከቆሮሶ ጋር የሚተዋወቀው ከተጠበሰ በኋላ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለ አንድ ፍጡር መሆኑን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ስላልተገኘ ይህን ጥናት ማዘጋጀት አስፈልጓል።

ናሙናዎቹ በዋናነት የተሰበሰቡት ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዝዋይ ዳርና አዲስ አበባ ነው። የአሰባሰቡ ዘዴ «አንድ ሙሉ ዓሣ፣ ዳጣ ይኑረው» የሚል ሲሆን ማንኛውም ተመራማሪ ሊደግመው ይችላል። ናሙናዎቹን ለሚጠራጠሩ ባለሙያዎች ማሳየት ግን አይቻልም፤ ጥናቱ ሳይጠናቀቅ አልቀዋል። የተረፈውን አከርካሪ የምግብ ቤቱ ድመት ተረክባለች።

በቅድሚያ ተጠኚውን ማስተዋወቅ ይገባል። ቆሮሶ ከጎንና ከጎኑ ጠፍጠፍ፣ ከጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ቅርፊታም የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ነው። ጀርባው ላይ ከ15 እስከ 18 የሚደርሱ እሾሆች በተርታ ቆመዋል፤ በላተኛ ሁሉ ቢያንስ አንዱን በግል ያውቀዋል። ጅራቱን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጡ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች አሉት። ሊቃውንቱ ቆሮሶን ከቅርብ ዘመዶቹ ከሚለዩባቸው ምልክቶች ዋነኛው ይኸው የጅራቱ መስመር ነው። መጥበሻ ውስጥ ቀድሞ የሚያርረውም ጅራቱ ነው። ዓሣው ሳህን ላይ ሲደርስ እንግዲህ መታወቂያው ተቃጥሏል። በላተኛው ይህን እንደ ማስረጃ መጥፋት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም የደረቀውን ጅራት ቆርጥሞ የሚጀምር አለ።

ወደ ስሙ እንለፍ።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ቆሮሶ ይባላል። ጣና ዳር ቀረሶ ይሉታል። ከሐይቁ ርቆ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ሁለቱንም ስሞች ከተማው በር ላይ ጥሎ «ዓሣ» ብቻ ይሆናል። ይህ ነገር በሌሎቹ ላይ አይደርስም። አምባዛ የትም ቢሄድ አምባዛ ነው። «ዓሣ አዝዤ አምባዛ አመጡልኝ» ብሎ የተቆጣ ሰው አይተናል፤ «ዓሣ አዝዤ ቆሮሶ አመጡልኝ» ብሎ የተቆጣ ግን ታሪክ አልመዘገበም። አምባዛ የዓሣ ዓይነት ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ ነው።

ለአምባዛ መገለል የሚቀርበው ምክንያት ጥንታዊ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውሃ ፍጥረት የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው ይላል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በምትኩ ጢም አለው፤ ጢም ግን በሕጉ ውስጥ አልተጠቀሰም። ቆሮሶ ክንፉንም ቅርፊቱንም አሟልቶ ስለቀረበ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ አልፏል።

«ዓሣ» የሚለው ስም ራሱ ከችግር የጸዳ አይደለም። በግእዙ ሥርዓት ዓሣ ነው የሚጻፈው። በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ ግን አሳ፣ ዓሳ፣ አሣ እና ዓሣ ሁሉም ይገኛሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ ተሰባስበው። በሥነ ሕይወት ዓለም ሊቃውንት በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ጎራ ትንሽ ልዩነት ባየ ቁጥር አዲስ ዝርያ ይመዘግባል፤ ሌላው ልዩነቱን ችላ ብሎ ሁሉንም ባንድ ስም ይጠቀልላል። ከፋፋዮቹ የእኛን የምግብ ዝርዝር ቢያገኙ አራት ዝርያ ከነመኖሪያቸው ይመዘግቡ ነበር፤ አሳ በጥብስ፣ ዓሳ በጉላሽ፣ አሣ በዱለት፣ ዓሣ በኮተሌት። ይህ ጥናት ከጠቅላዮቹ ጎራ ይሰለፋል። አራቱም ተቀምሰው አንድ ሆነው ተገኝተዋል።

የአስተናጋጆቹ አመዳደብ ከሳይንሱ የተለየ መነሻ እንዳለው እዚህ ላይ መጥቀስ ያስፈልጋል። ሳይንስ ዓሣን በጥርሱ፣ በአጥንቱና በእሾሁ ብዛት ይመድባል። አስተናጋጅ የሚመድበው በእሳቱ መጠን ነው፤ ሾርባ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ጥብስ። «ምን ዓይነት ዓሣ አላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ አስተናጋጅ የዝርያ ስም ሲጠራ አልተሰማም። በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ያለው ብቸኛ ድልድይ አሞራ ገደል ላይ ጥሬውን በዳጣ የሚበላው ወገን ነው፤ እሱም እንደ ሳይንቲስቶቹ ዓሣውን የሚያየው እሳት ሳይነካው ነው።

አሞራ ገደል ላይ የሚደረገው ምርመራ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ይፈጥናል። ጀልባው እንደደረሰ መረቡ ይራገፋል፤ ዓሣው ገና ስንጥቡን ከፍቶ እየዘጋ ነው። ቢላ የያዘው ልጅ በግራ እጁ ጭንቅላቱን ይጫናል፤ ከጅራት ወደ ራስ ቅርፊቱን ይጠርጋል፤ ቅርፊቱ ጉንጩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ይለጠፋል፤ አይጠርገውም። ከስንጥቡ ኋላ ቢላውን አስገብቶ አከርካሪውን ተከትሎ ወደ ጅራት ይነዳዋል፤ ይገለብጠዋል፤ በሌላው ጎን ይደግማል። የሚጣለውን የሆድ ዕቃ የሚረከቡት አባ ኮዳዎች ናቸው። መላጣ ራሳቸውን አቀርቅረው፣ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣፍተው፣ ከልጁ ሁለት እርምጃ ርቀው ይቆማሉ። ይህ ጥናት ከእነሱ የተሻለ ገለልተኛ ገምጋሚ አላገኘም፤ የቀረበላቸውን ሁሉ ሳያኝኩ ተቀብለዋል።

ፈረንጆቹ በዚህ ዓሣ ስም ላይ የደከሙትን ድካም መዘርዘር ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ጥናት ነውና ይዘረዘራል። ሁሉም ዓመታት በእነሱው አቆጣጠር ናቸው።

በ1758 ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ዓሣውን በናይል ወንዝ ስም ኒሎቲከስ ብሎ መዘገበው። የግብፅን ዓሦች የሰበሰበለት ፍሬድሪክ ሃሰልክቪስት የተባለው ተማሪው ነበር። ተማሪው በ1752 ሰምርኔስ አጠገብ በሞት ሲለይ የሰበሰበው ሁሉ በዕዳ ተያዘ፤ የስዊድን ንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ ዕዳውን ከፍለው አስለቀቁት። ዓሣ በዱቤ መብላት በእኛም አገር ያለ ነው። ዓሣ በዱቤ መሰየም ግን የስዊድኖቹ ፈጠራ ይመስላል።

ኒሎቲከስ የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። የተንከራተተው የቤተሰቡ ስም ነው። አንድ ሰሞን ክሮሚስ ተባለ። በ1840 ስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሩ ስሚዝ ለደቡብ አፍሪካ ዘመዶቹ ቲላፒያ የሚል ስም አወጣ፤ የእኛውም ዓሣ ለብዙ ዘመን በዚያ ስር ተዳደረ። ስሚዝ ቃሉን የወሰደው ከጽዋና ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም «ዓሣ» ነው። ሱፐርማርኬት ገብቶ «ቲላፒያ ዓሣ አላችሁ?» የሚል ደንበኛ እንግዲህ ዓሣ ዓሣ እያለ ነው። ከሊኒየስ ጀምሮ በላቲንና በግሪክ ሲባዝን የቆየው ሳይንስ በመጨረሻ የደረሰበት ቦታ አዲስ አበባ ያለው አስተናጋጅ ሳይማር የቆመበት ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሳይንስ ግን በደረሰበት ቦታ የሚያርፍ አይደለም። በ1830ዎቹ እስከ ጎንደርና ጣና ዘልቆ የነበረው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል፣ በ1852 ሳሮቴሮዶን የሚል ስም ፈጥሮ ነበር፤ ጥርሱ መጥረጊያ የሆነ እንደማለት ነው። ውሎ አድሮ ቆሮሶም ወደዚያ ስም ተዛወረ። በ1889 ደግሞ ለንደን የነበረው አልበርት ጉንተር፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ካለው ከቻላ ሐይቅ ለመጣ ዓሣ ኦሪዮክሮሚስ፣ ማለትም የተራራ ክሮሚስ የሚል ስም አወጣ። በ1983 እንግሊዛዊቷ ሊቅ ኤተልዊን ትሬዋቫስ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፈው ቆሮሶን በዚህ በአራተኛው ስም ስር አጸኑት። የዛሬ ሙሉ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ነው፤ ሲፈታ የናይል የተራራ ዓሣ። በዋና የሚኖር ፍጡር የተራራ መባሉ ለሰሚው ግር ሊል ይችላል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑን ለሚያውቅ ግን ስሙ በስህተት የመጣ እውነት ነው።

ትሬዋቫስ ቤተሰቡን የከፈሉበት መስፈርት ለብቻው መታየት አለበት። እንቁላሉን መሬት ላይ ጥሎ የሚጠብቀው ቲላፒያ ሆኖ ቀረ። እንቁላሉ በአፍ የሚታቀፍ ሆኖ አባትየው የሚሳተፍበት ሳሮቴሮዶን ተባለ። እናትየዋ ብቻዋን የምታቅፍበት ደግሞ ኦሪዮክሮሚስ። በሌላ አነጋገር የቆሮሶ የቤተሰብ ስም የተወሰነው ልጅ የሚያሳድገው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ችሎቶች በዚህ ጥያቄ ላይ ዓመታት ፈጅተዋል፤ የዓሣው ጉዳይ በአንድ መጽሐፍ ተዘግቷል።

እኚሁ ሊቅ በዚያው ዓመት በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ለሚኖረው ቆሮሶ የራሱን ንዑስ ዝርያ ሰጥተውታል፤ ስሙም ፊሎዋ ነው። አዎ፣ ፍል ውሃ። ቃሉ ከአማርኛ ተነስቶ ላቲን ሆኖ ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። አዲስ አበቤ ገንዘብ ከፍሎና ተራ ይዞ የሚገባበትን ነገር ይህ ዓሣ በነጻ ይኖርበታል፤ ለመጥበሻ የሚያደርገውን ዝግጅትም ከልጅነቱ ጀምሯል። በ1992 ደግሞ ስዩም እና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የጣናውን ቆሮሶ ጣና በሚል ንዑስ ዝርያ ለይተው መዘገቡት። ለጣና አሳዳጊዎቹ ይህ ዜና አልደረሳቸውም፤ ቀረሶ እያሉ ቀጥለዋል።

ስም የማውጣት ድካም ከንቱ መሆኑን የሚያሳይ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ያለው ወሎ ነው። ደሴ አልፎ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ጥግ የተኛ አንድ ሐይቅ አለ፤ ስሙ ሐይቅ ይባላል። በ1970ዎቹ መገባደጃ መንግሥት ከሌላ ቦታ ቆሮሶ አምጥቶ ጨመረበት። ያካባቢው ሰው ሲጠየቅ «ሐይቅ ውስጥ ዓሣ አለ» ይላል። እንግዳው ይህ አጠቃላይ እውነት መሰለው፤ ለካ ሰውየው ትክክለኛውን ቦታና ትክክለኛውን ዝርያ ነግሮታል።

አሁን ወደ ጠባዩ።

ወንዱ ቆሮሶ ዕድሜው ሲደርስ ጎጆ ይወጣል። ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አሸዋማ ቦታ መርጦ በአፉ እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል፤ መሐሉ ላይ ቆሞ የሚጠጋውን ወንድ ሁሉ ያባርራል። መልኩም ይጠቁራል፣ ይቀላል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እሱ ያዳብረዋል፤ እሷ እንቁላሉን በአፏ አፍሳ ትሄዳለች። እሱ እዚያው ቆሞ ሌላዋን ይጠብቃል። ቀለብ መቁረጥ፣ ሽምግልና፣ ሰማኒያ የሚባል ነገር በቆሮሶ ዘንድ አይታወቅም።

የወንዱን የሥልጣን አገላለጽ በተመለከተ ከሥጋ ዘመዱ ከሞዛምቢኩ ዓሣ የተገኘ መረጃ አለ። አውራው ወንድ የበላይነቱን ለተቀናቃኞቹ የሚያሳውቀው በሽንቱ ነው፤ ሽታው ብቻውን ማዕረጉን ይናገራል። በከተማችን አጥሮች ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ከዚሁ የመልእክት ልውውጥ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ የአጥሩ ባለቤት የደረሰውን መልእክት ማንበቡን ያረጋግጣል።

እናትየዋ ግን ሌላ ታሪክ ነች። በአንድ ጊዜ በመቶዎች፣ ትልቅ ከሆነች ከሺህ በላይ እንቁላል በአፏ ትይዛለች። አየር እንዲያገኙ ሳታቋርጥ ታገላብጣቸዋለች። ከተፈለፈሉ በኋላም ልጆቹ ከአፏ ዙሪያ አይርቁም፤ ኮሽ ሲል ሁሉም ተንጋግተው ይገባሉ፤ እሷም አፏን ትዘጋለች። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ እህል ውሃ አትልም፤ ውሃው ቢኖርም እህሉ የለም። የጥንት ግብፆች ልጆቹ ከአፍ ሲወጡ አይተው ዓሣዋን የዳግም ልደት ምልክት አደረጓት፤ በሥዕላዊ ፊደላቸውም ውስጥ የራሷን ፊደል ሰጧት። ለአንድ ዓሣ አራት አጻጻፍ ካለን ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ቆጣቢዎች ነበሩ።

ይህ መረጃ በአገራችን ከፍተኛ ክርክር ለሚነሳበት ጥያቄ አዲስ መንገድ ይከፍታል። ጥያቄው ዓሣ የጾም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ይከተለዋል። «አይበላም» የሚሉ አሉ፤ «ይበላል» የሚሉ አሉ፤ «አይበላም እንጂ እኔስ እበላለሁ» የሚሉም አሉ። ይህ ጥናት በሰው ሆድ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለውም። በዓሣው ሆድ ላይ ግን መናገር ይችላል። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ አልጌ ነው። አልጌው ጠንካራ ስለሆነ የሚፈጨው በአሲድ ነው፤ የጨጓራው አሲድ ፒኤች እስከ 1.4 አካባቢ ይወርዳል። እህል በማይኖርበት ሰዓት አሲዱም ያርፋል፤ ጨጓራ የሚያቃጥለው አንባቢ ይህን በቅናት ያነበዋል። ሥጋና ወተትማ ለቆሮሶ የሩቅ ወሬ ናቸው። እናትየዋ በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ጨምራ ሙሉ በሙሉ ትታቀባለች። ስለዚህ ጥያቄው ሲቀርብ አንዱ ወገን የሚናገረው ስለ በላተኛው፣ ሌላው ወገን ስለ ዓሣው መሆኑን ለይቶ ማቅረብ ክርክሩን ያቀለዋል። ዓሣው ይጾማል። የሚቀረው በላተኛው ነው።

ከአፍ ጋር የተያያዘ ሌላም ወሬ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጴጥሮስ ግብር እንዲከፍል ሲጠየቅ መንጠቆ ጥሎ መጀመሪያ የሚወጣውን ዓሣ አፍ እንዲከፍት ይታዘዛል፤ ውስጡ ለሁለት ሰው የሚበቃ እስታቴር አለ። ገሊላ ባሕር ዳር ዛሬ የጴጥሮስ ዓሣ ተብሎ ሙሉውን ተጠብሶ የሚሸጠው የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አምኑን በሚለው ስሙ ያውቁታል። ልጅ በአፉ የሚይዝ ዓሣ ሳንቲምም ቢይዝ አይደንቅም የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። የገቢ ባለሥልጣናት ይህን አንቀጽ ከዚህ የበለጠ እንዳያጠኑት እንመክራለን።

ስለ ትንሽነቱ ብዙ መባል አለበት፤ በላተኛው በዋናነት የሚያማርረው በዚህ ነውና።

ቆሮሶ በተፈጥሮው ትንሽ አይደለም። እስከ 60 ሴንቲሜትር ሊረዝምና ከ4 ኪሎ በላይ ሊመዝን እንደሚችል ተመዝግቧል። ታዲያ ሳህን ላይ የሚቀርበው ለምን መዳፍ ያህል ይሆናል? መልሱ የቆሮሶ ከሁሉ የረቀቀ ጠባይ ነው። ኩሬው ሲጠብ፣ ዘመድ ሲበዛ፣ ምግብ ሲያንስ ቆሮሶ ማደጉን ያቆምና መውለድ ይጀምራል። በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ ክብደቱ 50 ግራም እንኳ ሳይሞላ ወላጅ ይሆናል። ልጆቹም በዚያው ኩሬ፣ በዚያው ጥበት ይወለዳሉ፤ እነሱም ሳይውሉ ሳያድሩ ይወልዳሉ። ኩሬ ቆፍሮ «በዓመቱ ትልልቅ ዓሣ አወጣለሁ» ያለ ገበሬ በዓመቱ የሚያገኘው እልፍ አእላፍ አውራ ጣት የሚያክሉ አያቶችን ነው።

ሐይቆቹ ላይ ደግሞ መረብ አለ። ትልልቁ ተለቅሞ ሲያልቅ አጥማጁ ዓይኑ የጠበበ መረብ ይዞ ይመጣል። ዓይኑ የጠበበው መረብ ትንንሹን ያወጣል። ሳይያዝ የሚወልደው በትንሽነቱ የፈጠነው ብቻ ይሆናል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ አዋጁ ግን የሚነበበው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ጉዳዩን ለአስተናጋጅ ሲያቀርቡት «ትንሹ ነው እኮ የሚጣፍጠው» ይላል። ትልቅ ሲያመጣ ደግሞ «ትልቁ ነው ሥጋ ያለው» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ተፈትነው እውነት ሆነው ስለተገኙ ጥናቱ አንዱን መርጦ መጣል አልቻለም።

የዓለም ዓሣ አርቢዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ቀጥተኛ ነው። ሴቷ እየጾመችና እየታቀፈች ስለማታድግ፣ ወንዱ ግን ቆሞ ስለሚፋፋ፣ ኩሬውን በወንድ ብቻ ይሞሉታል። ጫጩቶቹ ገና ጾታቸው ሳይለይ ሜቲል ቴስቶስትሮን የተቀላቀለበት መኖ ለሦስት አራት ሳምንት ይበላሉ፤ ከዚያ ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ወንዶቹ ኩሬውን ሞልተው፣ ጎጆ ቆፍረው፣ መልካቸውን አሳምረው ይጠብቃሉ። ማንም አይመጣም። በዚህ ምክንያት ይወፍራሉ።

የሰው ልጅ ከቆሮሶ የወሰደው ሥጋውን ብቻ እንዳልሆነም መመዝገብ አለበት። ብራዚል ውስጥ ፎርታሌዛ ከተማ ሐኪሞች የጸዳ የቲላፒያ ቆዳ በእሳት የተቃጠለ ሰው ገላ ላይ እየለጠፉ ያክማሉ። እኛ ጋ ቆዳው ይቃጠላል፤ እዚያ ቆዳው የተቃጠለን ያድናል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ስደቱ ነው። በ1988 ፊሊፒንስ ላይ የተሻሻለ ዝርያ የማውጣት ፕሮጀክት ሲጀመር የዱር ቆሮሶ ከአፍሪካ እንዲመጣ ተደረገ። የተመረጡት ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡት ናቸው። የዓባይ ምንጭ የሆነው የጣናው ቆሮሶ በዚህ ጉባኤ አልተጠራም፤ ውሃ እኛ ጋ ይመነጫል፣ ዓሣው ከታች ተፋሰስ ይመረጣል። ከዚያ የወጣው ዘር በእስያ ተባዛ፤ ከሁሉ በላይ የምታመርተው ቻይና ሆነች። ከቻይና ተገፍፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ በረዶ ለብሶ አሜሪካ ይገባል።

በዚህ ደረጃ ላይ ሳይንሱም ባህሉም ይቸገራሉ። ፊሌቶ ጭንቅላት የለውም፤ ጅራት የለውም፤ እሾህ የለውም፤ ቅርፊት የለውም። ሊኒየስ ቢነሳ አያውቀውም፤ ዘሌዋውያን ቢጠየቅ የሚመረምረው ምልክት የለም። ማንነቱን የሚናገረው ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱም «ቲላፒያ» ይላል፤ ትርጉሙ፣ እንደተመለከትነው፣ «ዓሣ» ነው። ወገኖቻችን ከረጢቱን ቀደው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ አዋዜ ጣል አድርገውበት፣ ከእንጀራ ጋር ያቀርቡታል። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሀበሻ ምግብ ቤት የቀረበው ናሙና ጥሩ ነበር። ለጥናቱ ምሉዕነት ሲባል አስተናጋጇን «እኅቴ፣ ዓሣው ከየት የመጣ ነው?» ብለን ጠየቅን።

«ከጓዳ» አለች፤ «አሁን የወጣ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ብሉት።»